አሥራ አንድ በር፣ አንድ ምንጭ

መግለጫው በየፖስታ ሳጥኑ የገባው ማክሰኞ ጠዋት ነው። በጀርመን አገር የሽቱትጋርት ከተማ አስተዳደር ለየክፍለ ከተማው ያሳተመው፣ ወረቀቱ የሚያብረቀርቅ፣ ባለ ስድስት ገጽ ነገር ነው። የካንሽታት ክፍለ ከተማው እትም የደረሳቸው ወይዘሮ ሂልትሩድ ፍላይደረር ቆሞ ማንበብ አይወዱምና ወጥ ቤት ገብተው፣ መነጽራቸውን ጠርገው ከመጀመሪያው ቃል ጀመሩ። ዕድሜያቸው ሰባ ዘጠኝ ነው። ሠላሳ አራት ዓመት በከተማ ባቡር ላይ ትኬት ሲቆጣጠሩ ኖረው ጡረታ የወጡ ሴት ስለሆኑ፣ እጃቸው የገባን ወረቀት ሁሉ የሚያነቡት ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል ብለው ነው።

የነዋሪው ብዛት ተጽፏል። ወንዙ ተጽፏል። የመኪና ፋብሪካው፣ ኳስ ሜዳው፣ በዓመት በዓመት የሚተከለው የቢራ ድንኳን፣ ሁሉም በየቦታው አለ። ካንሽታት ከሽቱትጋርት ጋር "በደስታ ተቀላቀለች" የሚለው ላይ ሲደርሱ ወይዘሮ ፍላይደረር በአፍንጫቸው ተነፈሱ። ነገሩ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ እሳቸው በሚኖሩበት በቆዳ ፋቂዎች መንገድ ግን እስከ ዛሬ ድልድዩን ተሻግሮ አንድ ጥንድ ካልሲ የገዛ ሰው "ሽቱትጋርት ሄጄ መጣሁ" ነው የሚለው። በደስታ የተቀላቀለው ማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በሰፈሩ አልተገኘም።

አምስተኛው ገጽ ላይ ከመሬት የሚፈልቁት የማዕድን ውሃዎች ተዘርዝረዋል። የመጨረሻው መስመር እንዲህ ይላል፦ "የቆዳ ፋቂዎች መንገድ ምንጭ፤ ተዘግቷል።"

ወይዘሮ ፍላይደረር መስኮቱን ከፍተው ቁልቁል አዩ። ምንጩ ይፈሳል። ጡረተኛው ዳቦ ጋጋሪ ጉንተር ዛውተር ጎንበስ ብሎ ስድስተኛ ጠርሙሱን እየሞላ ነው። ዛውተር ሰባ ሁለት ዓመት ቢሞላውም በሰፈሩ ማንም አንቱ ብሎት አያውቅም።

"ጉንተር፣" አሉት ከላይ፤ "የተዘጋ ምንጭ ነው የምትቀዳው።"

"አንብቤዋለሁ፣" አለ ቀና ሳይል። "ጣዕሙ ግን ያው ነው።"

ጣዕሙ ምስማር የመላስ ያህል ነው። ውሃው ብረት አለው፣ ጨው አለው፣ ምላስ ላይም ቁንጥጥ ያደርጋል። የለመደ ሰው ሌላ ውሃ ሲጠጣ የሆነ ነገር የተሰረቀበት ይመስለዋል። ክፋቱ በሚፈስበት የድንጋይ ገንዳ ላይ በሁለት ቀን ቀይ ዝገት ማስቀመጡ ነው። ያንን ዝገት አስተዳደሩ ፍቆት አያውቅም። በመንገዱ አሥራ አንድ በር አለ። ጽዋ እንደሚጠጣ ማኅበር፣ "የጽዳት ሳምንት" የሚል ጽሑፍ ያለበት፣ ክር የገባለት የእንጨት ሰሌዳ ከበር ወደ በር ይዞራል። ሰሌዳው ሰኞ በራፉ ላይ የተሰቀለበት ሰው እስከ እሑድ ደረጃውን ይጠርጋል፣ የእግረኛ መንገዱን ይጠርጋል፣ ቅዳሜ ደግሞ ገንዳውን በሽቦ ብሩሽ ይፍቃል። በዚህ መንገድ ሰው ይጣላል፣ ይፋታል፣ ይሞታል፤ ሰሌዳው ግን ሰኞ ጠዋት ይዞራል።

ዛውተር አስተዳደሩ ጋ ደውሎ ስሕተቱን አስረዳ። የመለሰችለት ሴት መግለጫው እንዳልተሳሳተ፣ ትንሽ እንደ ቀደመ ብቻ ነገረችው። ምንጩ የሚዘጋው ለሚቀጥለው ሳምንት ሐሙስ ነው አለችው፤ ማተሚያ ቤቱ ፈጥኖ ነው እንጂ።

በማግስቱ ገንዳው አጠገብ ባለው የመብራት ምሰሶ ላይ ማስታወቂያ ተለጠፈ። "ከነዋሪ በቀረበ የጽሑፍ ጥቆማ መሠረት የገንዳው ንጽሕና የተጓደለ፣ ኃላፊነቱን የሚወስድም የሌለ መሆኑ ስለ ተረጋገጠ…" ይላል። ሰዉ ተሰብስቦ አነበበ። ዛውተር "ከነዋሪ" የሚለውን ቃል በጣቱ ነካ ነካ አደረገው። ወይዘሮ ፍላይደረር ሁለት ጊዜ አነበቡትና ጆሯቸው ጋለ። አጻጻፉን አወቁት። "የተጓደለ" የሚለው ቃል የራሳቸው ነው።

ነገሩ የሦስት ዓመት ነገር ነው፤ ወሩ ሚያዝያ። ሰሌዳው ያን ሳምንት ፊት ለፊት ባለው በር፣ በአቶ ሳቫስ ጻኪሪስ በር ላይ ነበር። አቶ ጻኪሪስ በሃያ አንድ ዓመታቸው ከግሪክ፣ ከካቫላ መጥተው የመኪናው ፋብሪካ ውስጥ ማርሽ ሲገጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። በዚህ መንገድ አርባ አንድ ዓመት ኖረዋል። በአርባ አንዱ ዓመት ተራቸው ደርሶ አንድም ቅዳሜ ገንዳውን ሳይፍቁ ቀርተው አያውቁም፤ ከዚያች ቅዳሜ በቀር። ወይዘሮ ፍላይደረር ወረዱ፣ ዝገቱን አዩ፣ ካሜራቸውን አመጡ። ልኩ እንዲታይ ደግሞ ማስመሪያ አጠገቡ አስቀምጠው አነሱት። ስፋቱ አራት ሴንቲ ሜትር። ከዚያ ለአስተዳደሩ በንጹሕ ወረቀት ጻፉ፣ ስማቸውን ፈረሙ፣ ፎቶውን በስፒል አያያዙ። መልስ አልመጣም። ረስተውት ነበር ማለት ይከብዳል፤ አስተዳደሩ ረስቶታል ብለው ነበር። አስተዳደሩ ግን አይረሳም፤ መሳቢያ አለው። ለመግለጫው ስለ ምንጮች አንድ መስመር ሲፈለግ መሳቢያው ተከፈተ፤ የተገኘውም የሳቸው ደብዳቤ ነው።

ዓርብ ማታ አሥራ አንዱም በር ዛውተር ቤት ተሰበሰበ። ቀድሞ የተነሣው ጥያቄ ምንጩ እንዴት ይዳን የሚል አልነበረም፤ ማን ጻፈ የሚል ነበር። ዛውተር ከሦስት ወር በፊት ከሃምቡርግ መጥተው ሰባተኛው በር የገቡትን ወጣት ባልና ሚስት ጠረጠረ። ማስረጃው ቆሻሻ ሲጥሉ ፕላስቲኩን ከወረቀቱ ሳይለዩ መቀላቀላቸው ነው። ባልና ሚስቱ ተቀምጠው ሲሰሙት ልጅቷ ፊቷ ቀላ፤ ያም እንደ ማስረጃ ተቆጠረ። ደብዳቤው የሦስት ዓመት መሆኑን አንድ ሰው ቢናገር ኖሮ ነገሩ እዚያው ባለቀ። የሚያውቀው አንድ ሰው ነበር፤ ወይዘሮ ፍላይደረር። እሳቸው ደግሞ ጨዋማ ዳቦ በትንሽ በትንሹ እየቆረሱ ሲበሉ አመሹ። አቶ ጻኪሪስ ብቻ፣ የጻፈው ቢታወቅ ውሃው ይጨምራል ወይ ብለው ጠየቁና ወደ ቤታቸው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ የነበሩት ቀናት አላማሩም። ሰባተኛውን በር ሰላም የሚለው ጠፋ። ልጅቷ በየጠዋቱ ጠርሙሷን ይዛ ስትወርድ ቀድሞ የሚቀዳው ሁሉ ጀርባውን ይሰጣታል። ወይዘሮ ፍላይደረር ይህን ከመስኮት ያያሉ፤ መስኮቱን ይዘጋሉ፤ መልሰው ይከፍታሉ። በሥራቸው ዘመን ያለ ትኬት የተሳፈረ ሰው እንዴት እንደሚቀመጥ ያውቃሉ። መስታወቱ ላይ ተደግፎ፣ ውጭ ውጭውን እያየ ነው። ራሳቸውን መስታወቱ ላይ ተደግፈው አገኙት።

ሰኞ ሰሌዳው አቶ ጻኪሪስ በር ላይ ተሰቀለ። ተራ ስለ ደረሰ ነው።

ሐሙስ ልክ በስድስት ሰዓት አስተዳደሩ መጣ። ኒልስ ብሩክሃርት የሚባል፣ ከሰሜን የመጣ፣ ሠላሳ ዓመት የማይሞላው፣ ፋይል በብብቱ የያዘ ወጣት ነው። ከኋላው ብርቱካንማ ልብስ የለበሱ ሁለት ሠራተኞች የውሃ መዝጊያ ቁልፍና መሰርሰሪያ ይዘው ከመኪና ወረዱ። አሥራ አንዱ በር ብርጭቆ ብርጭቆውን ይዞ ወጥቷል። ወይዘሮ ፍላይደረር ግን የያዙት ታጣፊ ወንበር ነው። ዘረጉትና መዝጊያው ያለበት የብረት ክዳን ላይ አድርገው ተቀመጡ።

"እዚያ መቀመጥ አይቻልም፣ ወይዘሮ፣" አለ ብሩክሃርት።

"ተቀምጫለሁ እኮ።"

ወጣቱ ፋይሉን ከፈተ። ድምፁን ከፍ አድርጎ አስረዳ፤ ክፉ ልጅ አይደለም። ምንጩ ባለቤት የለውም፣ የሚያጸዳውም በሕግ አይታወቅም፣ ስለዚህ ይዘጋል። የሚተርፈው አንድ ተጠያቂ በስሙ ከፈረመበት ብቻ ነው። ያም ሆኖ "የሚጠጣ ውሃ አይደለም" የሚል ቆርቆሮ ይሰቀልበታል።

ዛውተር ብርጭቆውን ጨልጦ ወደ ፊት መጣ። መፈረሙ ይደርሳል፣ መጀመሪያ ጥቆማውን የጻፈው ሰው ስም ይነገረን አለ። ብሩክሃርት ስም መግለጽ በሕግ የተከለከለ ነው አለው። ዛውተር ታዲያ ሕጉን የማይነካ መንገድ አለኝ አለና ፊቱን ወደ ሰባተኛው በር አዞረ። ሌላውም አብሮ ዞረ። ልጅቷ ብርጭቆዋን በሁለት እጇ ይዛ መሬት መሬቱን አየች።

"እኔ ነኝ፣" አሉ ወይዘሮ ፍላይደረር።

ዛውተር ፊቱን ከሰባተኛው በር ወደ ወንበሩ መለሰ።

"ሂልትሩድ፣ ቀልዱን ተዪው፣" አለ ዛውተር።

"በሕይወቴ ቀልጄ አላውቅም፤ አንተም ታውቃለህ። ሦስት ዓመት ሆኖታል። ሚያዝያ፣ ቅዳሜ፣ ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት። አራት ሴንቲ ዝገት። ሳምንቱ የአቶ ጻኪሪስ ነበር።"

"ዴስፒና ሆስፒታል ነበረች እኮ ያኔ።" የዛውተር ድምፅ ወረደ። ዴስፒና የአቶ ጻኪሪስ ሚስት ናት፤ በዚያው ወር ነው የሞተችው።

"አውቃለሁ። አውቄ ነው የጻፍኩት። ብሩሹን አንስቼ ልፍቀው አልኩና፣ ተራዬ አይደለም ብዬ ተውኩት። ደብዳቤ ለመጻፍ ተራ መጠበቅ አያስፈልግም።"

ወይዘሮ ፍላይደረር አቶ ጻኪሪስን ለማየት አንገታቸውን ማዞር ነበረባቸው፤ አንገታቸው ግን አልዞር አለ። ስለዚህ ወደ ብሩክሃርት አፈጠጡ።

"አንተ ወጣት፣ የምትዘጋው በእኔ ደብዳቤ ከሆነ፣ ደብዳቤዬን መልስልኝ።"

ወደ መዝገብ የገባ ነገር አይመለስም አለ ብሩክሃርት።

"ቆሽሿል አልኩ እንጂ ዝጉት አላልኩም። ሦስት ዓመት ተኝታችሁበት፣ አንድ ቀን መጥታችሁ ሳታዩ፣ ለመጽሔታችሁ መስመር ሲጎድላችሁ ምንጭ ትዘጋላችሁ? እስቲ ገንዳውን እየው። ማስመሪያም ይዣለሁ።"

ከኪሳቸው አወጡት። ብሩክሃርት አልተቀበላቸውም፤ ገንዳውን ግን አየ። አቶ ጻኪሪስ ቅዳሜን ሳይጠብቁ ያን ጠዋት ፍቀውት ስለ ነበር ገንዳው እንደ ሳህን ነጭ ነው።

እንዲነሡ ሦስት ጊዜ ለመናቸው። ሦስት ጊዜ አልነሣም አሉ። ወንበሩ የራሴ ነው፣ መንገዱም የሕዝብ ነው፣ ጉልበቴ ደግሞ ከሐኪም ወረቀት አለው አሉ። ብሩክሃርት ስልክ ደወለ፤ የሚያነሣ አላገኘም። ቆየት ብሎ የቤተ ክርስቲያኑ ደወል ሰባት ሰዓት መታ። ዛውተር ጣቱን አነሣ። ከሰባት እስከ ዘጠኝ በዚህ መንገድ የቀትር ዕረፍት ነው፤ መሰርሰሪያ ቀርቶ ምንጣፍ ማራገፍ ክልክል ነው አለ። ሕጉ በየበሩ ተለጥፏል። ሁለቱ ሠራተኞች እርስ በርስ ተያዩና መሣሪያቸውን አስቀምጠው የገንዳው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ፤ ምሳቸውን ፈቱ። አንደኛው ጠርሙሱ ባዶ ሆኖ ስላገኘው ከምንጩ ሞላ። ብሩክሃርት ይህን ላለማየት ፋይሉ ውስጥ ገባ።

ፋይሉ ውስጥ ያገኘው ቅጹን ነው። "ተጠያቂ" የሚል ቃል አለበት፤ ከጎኑ አንድ መስመር። ዛውተር ገና በሆዱ የያዘው ነገር ቢኖርም ወይዘሮ ፍላይደረር ይፈርሙ አለ። ከሂልትሩድ ይልቅ ገንዳውን የሚጠብቅ የት ይገኛል፤ ከቤት ስትወጣ እንኳ ማስመሪያ ይዛ ነው። ጥቂት ሰዎች ሳይወዱ ራሳቸውን ነቀነቁ። ብሩክሃርት እስክሪብቶውን ዘረጋላቸው።

ከሦስት ዓመት በፊት ቢሆን ኖሮ ይህን እስክሪብቶ በሁለት እጃቸው በተቀበሉት ነበር። አሁን አልነኩትም።

"አልፈርምም። ዛሬ የእኔ ምንጭ ይሆናል፤ ስሞት ደግሞ የእናንተ። ይህ ምንጭ የአንድ ሰው ሆኖ አያውቅም። ሰሌዳው በራፉ ላይ የተሰቀለበት ሰው ነው ተጠያቂው። እንደዚያ ብለህ ጻፍ።"

"ቅጹ እንደዚያ አይቀበልም።"

"እንግዲያው ቅጹን ሌላ ቦታ ውሰደው። እኔ አልነሣም።"

ከሰባተኛው በር ልጅቷ ያን ጊዜ ተናገረች። የመጀመሪያ ቃሏ ነው። ቅጹን ጎንበስ ብላ ስታነብ ነበረች ለካ። ከመስመሩ በታች በትንሹ "ግለሰብ ወይም ማኅበር" ይላል አለች። ለማኅበር ሰባት ሰው ይበቃል፤ እዚህ አሥራ አንድ በር አለ። ሊቀ መንበሩ በየሳምንቱ አይቀየርም የሚል ሕግ ካለ ግን አላየሁም አለች። ዛውተር ለረጅም ጊዜ አያት። ከዚያ ብርጭቆዋን ከእጇ ተቀብሎ ከምንጩ ሞልቶ መለሰላት። ይቅርታ መጠየቁ ነበር።

ብሩክሃርት ቅጹን ገለበጠ፣ መለሰ፣ በብርሃን አየው። መከልከያ አላገኘም። ያም ቢሆን የዛሬው ሊቀ መንበር ስም ያስፈልገኛል አለ። አሁን ሰሌዳው ማን ጋ ነው?

ሁሉም ያውቃል። ሁሉም ወደ አቶ ጻኪሪስ በር አየ፤ ከዚያ ወደ ራሳቸው ወደ አቶ ጻኪሪስ። ሰውየው እስካሁን ከበራቸው ፈቀቅ አላሉም። ብርጭቆአቸው ባዶ ነው። ካልፈረሙ ማንም አይፈርድባቸውም፤ ይህንንም ሁሉም ያውቃል። የወይዘሮ ፍላይደረር አንገት በመጨረሻ ዞረ።

አቶ ጻኪሪስ በዝግታ መንገዱን ተሻገሩ። ወንበሩ ፊት ቆሙ።

"ማስመሪያውን ይዘው ጎንበስ ሲሉ አይቼዎታለሁ፣" አሉ። "ከሆስፒታል ስመለስ ነበር።"

ወይዘሮ ፍላይደረር ማስመሪያውን ወደ ኪሳቸው መለሱት። ሰውየው ሦስት ዓመት ሙሉ በየጠዋቱ በዚሁ ገንዳ ላይ እንደምን አደሩ ሲሏቸው ኖረዋል።

አቶ ጻኪሪስ እስክሪብቶውን ተቀበሉና ወደ ወጣቱ ዞሩ። "እፈርማለሁ። ግን አስቀድመህ ጻፍልኝ፤ ያች ቅዳሜ ገንዳው አልጸዳም። እውነት ነው። ሌላውን አርባ አንድ ዓመትም ጻፍ። የጎደለውን ከጻፋችሁ የሞላውንም ጻፉ።"

ብሩክሃርት ቦታ የለውም ሊል ነበር። ቀና ብሎ አያቸውና በኅዳጉ ላይ ጻፈው። አቶ ጻኪሪስ ፈረሙ። ሠራተኞቹ መሣሪያቸውን ጭነው ሄዱ፤ አንደኛው ሁለተኛ ጠርሙስ ሞልቶ።

ቆርቆሮው በማግስቱ ተሰቀለ። "የሚጠጣ ውሃ አይደለም" ይላል፤ ከበድ ያለ ጥሩ ቆርቆሮ ነው፣ ጠርዙም ወጣ ያለ ስለሆነ ሰዉ ጠርሙሱን እስኪሞላ ከረጢቱን ይሰቅልበታል። መግለጫውን በተመለከተ፣ ዳግም አይታተምም ተባለ። ወይዘሮ ፍላይደረር የአሥራ አንዱን በር ቅጂ ሰብስበው ወጥ ቤት ተቀመጡና "ተዘግቷል" የሚለውን በማስመሪያ ቀጥ አድርገው ሰረዙት። እግረ መንገዳቸውንም "በደስታ" የሚለውን ሰረዙ።

ቅዳሜ ከሰዓት አቶ ጻኪሪስ የሽቦ ብሩሻቸውን ይዘው ሲወጡ ገንዳው አጠገብ ሰው አገኙ። ወይዘሮ ፍላይደረር ናቸው። ታጣፊ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው፣ እጅጌያቸውን ሰብስበው ዝገት ይፍቃሉ። በሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው የሌላ ሰው ተራ ሲነኩ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። አፋፋቃቸው የተቆጣ ሰው ነው የሚመስለው።

"ወይዘሮ ፍላይደረር፣" አሉ አቶ ጻኪሪስ፣ "ተራዎ አይደለም።"

ቀና አላሉም። "ካልተስማማዎት ለአስተዳደሩ ይጻፉብኝ።"

አቶ ጻኪሪስ ዞረው ወደ ቤታቸው ገቡ፤ በሩም ተዘጋ። ወይዘሮ ፍላይደረር የበሩን ድምፅ ሰሙ። ብሩሹን ግን አላቆሙም። ይግቡ፤ ይቆጡ፤ መብታቸው ነው። ገንዳው ግን ዛሬ በእኔ እጅ ነው የሚጸዳው ብለው ፋቁ።

በሩ እንደገና ተከፈተ። አቶ ጻኪሪስ በአንድ እጃቸው ብርጭቆ፣ በሌላው ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሳሉ ይይዙት የነበረውን የእንጨት ማስመሪያ ይዘው መጡ። ብርጭቆውን ከምንጩ ሞልተው ቆመው ጠጡ። ከዚያ ወገባቸውን ይዘው ጎንበስ አሉ፣ ማስመሪያውን የገንዳው ማዕዘን ላይ አሳርፈው አንድ ዓይናቸውን ጨፍነው አዩ።

"ሁለት ሴንቲ ቀርቶዎታል፣" አሉ።

ወይዘሮ ፍላይደረር ወንበራቸውን ወደ ማዕዘኑ ሳቡ።